ቦሎ አለው፤ ፍሬን የለውም!

አንባቢያን፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ሳሪስ ወይም ቃሊቲ ላይ መንገድ ስትሻገሩ አሸዋ የጫነ ቀይ ሲኖትራክ ጥሩምባውን እያንባረቀ አጠገባችሁ አልፏል። የማን ነው? ባለቤቱ ስንት መኪና አለው? ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ ገጨ፣ ስንት ጊዜ ተገለበጠ፣ ስንት ሰው ገደለ? ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? የመረመረውስ ሰው ምን አገኘበት?

አታውቁም። እኔም አላውቅም። «ቦሎ አለው እኮ!» የሚል ካለ ደግሞ እሱ ከሁላችንም የባሰ አያውቅም።

ሕዝቡ መዝገብ ሲከለከል ስም አወጣ። ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» አለው። አይሱዙውን «አልቃይዳ» አለው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን መረጃ የተነፈገ ሰው እርስ በርሱ የሚጠነቃቀቅበት ነው። ችግሩ ስሙ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጡ ላይ ነው። መኪናውን እንደ ልጁ የሚጠብቀውም ባለንብረት «ቀይ ሽብር» ነው፤ የፍሬን ሸራ ለመግዛት እጁ የሚንቀጠቀጠውም «ቀይ ሽብር» ነው። ሁለቱን ለይቶ ሊያሳየን የሚችለው መዝገብ ተቆልፎበታል።

ይህን የምጽፈው በንዴት ብቻ አይደለም። ዕዳ አለብኝ።

በሰፈራችን አንድ እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ እያልኩ ልቀጥል። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠ። በኋላ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ አንድ የጭነት ድርጅት ረዳት አድርጎ ሊቀጥረው ሆነ። እትዬ የዚያኑ ዕለት ማታ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቤቴ መጡ።

«አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለም እንዴ? ሰው ታውቃለህ። እስቲ ይሄ ድርጅት ምን ዓይነት እንደሆነ አጣራልኝ። መኪኖቹ ደህና ናቸው ወይ? ሰው ጨርሰው ያውቃሉ ወይ?» አሉኝ።

አያችሁልኝ ጥያቄውን? አዳራሽ ሙሉ የትራንስፖርት ባለሙያ ሦስት ቀን ሆቴል ተቀምጦ፣ አበል እየበላ ቢመክር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አያወጣም።

እኔም «አጣራሁ»። ቃሉን በጥቅስ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ አንድ የማውቀው ትራንዚተር ዘንድ ደወልኩ። «አሪፍ ድርጅት ነው። ሥራ አላቸው፤ ሒሳብ አያቆዩም» አለኝ። ስለ ገንዘብ ነው የመለሰልኝ። ቀጥዬ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው መስኮት «የድርጅት ጉዳይ እኛ ጋ አይደለም፤ ማኅበራቸውን ጠይቅ» አለኝ። ማኅበሩ «እኛ ተራ ነው የምናስይዘው» አለ። ተመልሼ ሌላ መስኮት ቆምኩ። እዚያ ያገኘኋት ልጅ እንኳን ደግ ነበረች፤ ኮምፒዩተሯን ነካክታ «ንግድ ፈቃዳቸው ታድሷል። መኪኖቹም ቦሎ አላቸው። ሌላ ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። አደጋ አድርሰው ያውቃሉ ወይ ስላት «እሱ ፖሊስ ዘንድ ነው» አለች። ፖሊስ ዘንድ ስሄድ ደግሞ «አንተ ለጉዳዩ ምኑ ነህ? ከሳሽ ነህ፣ ተከሳሽ ነህ?» ተባልኩ። ሁለቱንም አልነበርኩም። የሰው ልጅ ነበርኩ። ለሰው ልጅ የተዘጋጀ መስኮት የለም።

ለእትዬም «ሕጋዊ ድርጅት ነው፤ አይስጉ» አልኳቸው።

በአምስተኛው ወር ልጁ ሞተ። ማዳበሪያ ጭነው ወደ ጎጃም ሲሄዱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አለ። ያንን ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ አንዴ ካመለጠ ማርሽም ጸሎትም አይመልሰውም። ሾፌሩ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ከሆስፒታል አውጥተው ጣቢያ ወሰዱት።

ለቅሶው ላይ የድርጅቱ ሾፌሮች መጡ። በሁለተኛው ቀን ከድንኳኑ ጥግ አንዱ ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ። «ጋሼ፣ ያቺ መኪና እኮ ይሄ ሦስተኛዋ ነው። ጣርማ በር ላይ አንዴ እምቢ ብላ ሾፌሩ ተራራ አስደግፎ ነው ያቆማት። አዋሽ ጋ ደግሞ ሰው ገጭታለች። የቆየ ረዳት አይወጣባትም። አዲስ ልጅ ነው የሚመድቡባት።»

አዲስ ልጅ ነው የሚመድቡባት!

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሾፌሮቹ ያውቁ ነበር። ጎሚስታው ያውቅ ነበር። ጋራዡ ያውቅ ነበር። ጭነት የሚያገናኘው ደላላ ያውቅ ነበር። አንድ ትራፊክ ፖሊስ አዋሽ ላይ ያነሳው ፕላን አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ እየጠጣ ያውቅ ነበር። ያላወቁት እናትየዋ ብቻ ነበሩ። ለማወቅ የጠየቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሌላው ሾፌር ስልኩን አውጥቶ የመኪናዋን ፎቶ አሳየኝ። የፊት መስተዋቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ቦሎው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የዘመኑ ነው፤ ጊዜው አላለፈበትም።

ቦሎ ምን ይናገራል?

አገራችን ሕግ አጥታ አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። መኪና ይመዘገባል፣ ሊብሬ ይወጣለታል፣ በየዓመቱ ይመረመራል። ሾፌሮቹ ከጣሊያን በወረሱት ቃል «ክላውዶ» ይሉታል። ካለፈ ቦሎ ይለጠፍለታል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነው።

ግን ቦሎ የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው። በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት መኪናው ምርመራውን አልፏል ይላል። የቀሩትን ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀናት አይመለከትም። ያ የለቅሶ ቤት ሾፌር ሲያጫውተኝ፣ ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተከራይቶ አስገጥሞ፣ አሳልፎ፣ ማታውኑ የሟሸሸውን መልሶ የሚያስገጥም ባለንብረት ያውቃል። የጎማ ኪራይ! የሠርግ ልብስ ኪራይ ሰምተን ነበር። መኪናውም ለካ የሠርጉ ቀን አለው።

ሐቀኛ መርማሪ የለም አላልኩም፤ ሞልቷል። እኔ የምለው መርማሪው ያየውን እኛ አናይም ነው። መኪናው በመጀመሪያው ቀን ወድቆ እንደሆነ፣ በምን እንደወደቀ፣ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንዳለፈ ቦሎው ላይ አይጻፍም። ሦስቴ ወድቆ ያለፈውና በአንዴ ያለፈው እኩል ወረቀት ለጥፈው እኩል ይሄዳሉ። ተማሪ እንኳን ካርድ ላይ ውጤቱ ይጻፍበታል!

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። አደጋ ሲደርስ ስሙ የሚነሳው የማን ነው? የሾፌሩ። የሚታሰረው ሾፌሩ ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 የጥፋት ነጥብ እንዲቆጠር ሲወሰን ነጥቡ የተቆጠረው በሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ላይ ነው። ይቆጠር፤ አጥፊ ሾፌር አይቀጣ አላልኩም። ግን የተበላ የፍሬን ሸራ ይዞ እንዲወጣ ያዘዘው ሰውዬ ነጥብ የት ነው የሚቆጠረው? «ካልወጣህ ቁልፉን አስረክብ፤ ውጭ ሃምሳ ሾፌር ቆሟል» ያለው ሰውዬ? አንዱ ሾፌር ሲታሰር በማግስቱ ሌላ ሾፌር ይቀጥራል፤ ሥራው ይቀጥላል። በእገታና በጥይት መካከል ሲነዳ የሚውል ሾፌር ደግሞ በማን ላይ ይኮራል? የልጆቹን ዳቦ አስቦ ይወጣል።

የሚገርመው ሕጉ ባለቤቱን አልረሳውም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ መኪናው ጉዳት ካደረሰ፣ ራሱ ጥፋት ባይሠራም ኃላፊ ነው ይላል። ጃንሆይ ዘመን የተጻፈ ነው። ስለዚህ ካሣ ሲጠየቅ ባለቤት አለ፤ መዝገብ ሲከፈት ግን ባለቤት የለም። ካሣ የሚጠየቀው ደግሞ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እትዬ የጠየቁኝ ልጃቸው ከመሞቱ በፊት ነበር።

ጋሼ፣ ቁጥሩን ንገረኝ

ከሐዘኑ በኋላ አሜሪካ ሚኒሶታ ከባድ መኪና የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ሊያጽናናኝ ደወለ። ነገሩን ስነግረው «ጋሼ፣ የድርጅቱ ቁጥር ስንት ነው?» አለኝ። የምን ቁጥር? ስለው ነው ነገሩ የገባው።

እዚያ አገር ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ጭነት የሚያመላልስ ድርጅት ሁሉ የመንግሥት መለያ ቁጥር አለው። ሾፌሮቹ «ዶት ነምበር» ይሉታል። ቁጥሩ መኪናው በር ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። መንገድ ላይ ያየኸውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ታስገባለህ። ክፍያ የለም። ማንነትህን የሚጠይቅ የለም። «ለጉዳዩ ምኑ ነህ?» የለም።

ምን ይወጣል መሰላችሁ? የድርጅቱ ስም፣ አድራሻና ስልክ። የመኪናና የሾፌር ብዛት። ፈቃዱ ይሠራል ወይስ ታግዷል የሚለው። ባለፉት 24 ወራት መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ተመረመረ፤ ከተመረመሩት መኪኖች ስንቱ «እዚሁ ይቁም፤ ሳይጠገን አይንቀሳቀስም» ተባለ፤ የአገሪቱ አማካይ ስንት ነው፣ የዚህስ ድርጅት ስንት ነው። ሾፌሮቹም ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ከዚያ አደጋ፦ ሰው የሞተበት ስንት፣ ሰው የቆሰለበት ስንት፣ መኪና ተጎትቶ የሄደበት ስንት። የመድን ድርጅቱ ማን እንደሆነ፣ መድኑ ተሰርዞ ያውቅ እንደሆነም ሳይቀር ይገኛል። ለተራ ጭነት ትንሹ የመድን ሽፋን 750 ሺህ ዶላር ነው።

«እኔ ሥራ ከመያዜ በፊት እኮ ነው የማየው» አለኝ። «አንድ ድርጅት ጥሩ ብር ሲያቀርብልኝ አየሁት፤ ከተመረመሩ መኪኖቹ ግማሽ ያህሉን መንገድ ላይ አስቁመውበታል። ተውኩት።»

ተውኩት! ይህችን ቃል ስሰማ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። የእትዬ ልጅም «ተውኩት» ማለት ይችል ነበር።

አሁን «ይሄ ጸሐፊ አሜሪካን ገነት አደረጋት» የሚለኝ አይጠፋም። አላደረግኳትም። እዚያም ከባድ መኪና በነካው አደጋ በየዓመቱ ሺዎች ይሞታሉ። መንገድ ላይ ተይዘው ከሚመረመሩ መኪኖች በአማካይ ከአምስት አንዱ የሚቆም ነው። ከድርጅቶቹ የሚበዙት ደግሞ «ደህና ነው» ወይም «ደህና አይደለም» የሚል የመንግሥት ደረጃ ጨርሶ ተሰጥቷቸው አያውቅም። ባለሀብቱም እዚያ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የወጣ አንድ ሕግ የጭነት ድርጅቶችን እርስ በርስ የሚያወዳድረውን የደረጃ ነጥብ ከሕዝብ ዓይን አንስቶታል፤ ድርጅቶቹ ስሌቱ ፍትሐዊ አይደለም ብለው ተሟግተው ነው። ጥሬው የምርመራና የአደጋ ቁጥር ግን አሁንም ክፍት ነው።

እስስትም አላቸው። ስሙ ሲጠፋበት ድርጅቱን ዘግቶ፣ በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም አዲስ ቁጥር አውጥቶ፣ ያንኑ መኪና ቀለም ቀብቶ የሚመለሰውን እነሱም «እስስት» ይሉታል። የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት የእስስት ምልክት የሚታይባቸው አዲስ አመልካቾች በ2005 ከነበሩበት 759 በ2010 ወደ 1,136 ማደጋቸውን ጽፏል። ከእነዚህ 18 በመቶው ከባድ አደጋ ውስጥ ሲገቡ ከሌሎቹ አዲስ ድርጅቶች ግን 6 በመቶው ብቻ ናቸው። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው።

እና ይሄን ማን አወቀው? መዝገብ ስላለ ነው የታወቀው! እስስቱን ለመያዝ መጀመሪያ ቀለሙ የተጻፈበት ወረቀት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ እስስት መሆንም አያስፈልግም። ቀለም ለመቀየር የሚያስገድድ ነገር የለም፤ በዚያው ስም፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያችው መኪና ይቀጥላል።

የእኛን ቁጥር ደግሞ እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በ2016 በኢትዮጵያ በመኪና አደጋ ሞቱ ተብሎ ከመንግሥት የቀረበለት ቁጥር 4,352 ነው። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ደግሞ 27,326 ነው። ልዩነቱን ቀንሱት፤ ወደ ሃያ ሦስት ሺህ ሰው ይመጣል። ግምት ስለሆነ ከፍ ዝቅ ይበል፤ ግማሹን ጣሉለት። ያም ሆኖ አሥር ሺህ ሰው ሞቶ አልተቆጠረም ማለት ነው። ሬሳ መቁጠር ያቃተው አገር ፍሬን ይቆጥራል ብዬ የጠበቅሁት እኔ ነኝ ሞኙ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰው አለቀ። ሠርገኛ በጭነት መኪና የሚሄደው ሌላ መጓጓዣ ስለሌለው ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። የዚያን ሰሞን የሐዘን መግለጫውን ሰማን፣ የሟቾቹን ቁጥር ሰማን። አንድ አባት ልጁን እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ከማሳፈሩ በፊት የባለቤቱን የኋላ ታሪክ የሚያይበት ቀዳዳ ግን ያን ጊዜም አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም ሲከፈት አላየሁም።

ምስጢሩ የማን ነው?

ይህን ነገር ለአንዳንድ ሰዎች ሳነሳ የሚሰጡኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንዱ «የንግድ ምስጢር ነው» ይላል። እሺ፣ ነጋዴ ስንት እንዳተረፈ ምስጢሩ ይሁን። ዕቃ ከማን እንደሚገዛም ይደብቅ። የሰው ልጅ አንገት ላይ የወጣ ጎማ ግን በምን ሒሳብ ነው የንግድ ምስጢር የሚሆነው? አደባባይ ላይ የሆነ ነገር ነው እኮ! ሕዝብ ቆሞ ያየው፣ ትራፊክ መጥቶ ፕላን ያነሳበት፣ የፈሰሰው ደም በአሸዋ የተሸፈነበት ነገር ቢሮ ሲገባ ምስጢር ይሆናል።

ሌላው «ማኅበራት ይቆጣጠራሉ» ይላል። ማኅበር ማለት የባለመኪኖች ስብስብ ነው። ቀበሮን የበግ እረኛ ማድረግ ነው ብል ደህና ደህናዎቹ ይቀየሙኛል፤ ስለዚህ አልልም። ግን አንድ ማኅበር የራሱን አባል «ይህ ሰው መኪናው አያስተማምንም» ብሎ በጋዜጣ ሲያወጣ ያየ እስቲ ይንገረኝ።

ሦስተኛው ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሕዝባችን አይገባውም» ይላል። እትዬ ማንበብ አይችሉም። የጠየቁኝን ጥያቄ ወደ ላይ ተመልሳችሁ አንብቡት።

ሕጉ ከማን ጋር እንደሆነ ደግሞ እንመልከት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው ይላል። «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው! ከሳሽ፣ ተከሳሽ አይልም። የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ሲተካ የመረጃ ነፃነት ክፍሉ አልተነካም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የተከለከለ ሰው ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። እንግዲህ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ የያዘው ባለሥልጣን ያንን ያደረገው በየትኛው ሕግ እንደሆነ እሱ ይንገረን።

እኔ የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አዲስ ሕንፃ ይሥራ፣ አዲስ ኮሚሽን ያቋቁም፣ ለጥናት ጉብኝት ውጭ ይሂድ አላልኩም። (ለጉብኝቱ እንኳን የሚታክቱ አይመስለኝም።) የባለቤቱ ስም ሊብሬ ላይ አለ። የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬ ላይ አለ። የምርመራው ውጤት መርማሪው ዘንድ አለ። አደጋው ፖሊስ ዘንድ አለ። አራቱን ወረቀቶች አንድ ክር ይሰፋቸዋል። ክሩን በሾፌሩ ስም ሳይሆን በባለቤቱ ስም ስፉት፤ ቁጥሩን መኪናው በር ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ከዚያ ክፈቱት። ሻንሲው ቀለም በመቀባት ስለማይቀየር እስስቱም መሄጃ ያጣል።

ደግሞ ይህ ለእናቶች ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ፣ ስንዴና ሲሚንቶ የሚያስጭነው ራሱ መንግሥት ነው። ጨረታ ሲያወጣ ዋጋ ይጠይቃል፣ የግብር ክሊራንስ ይጠይቃል፣ የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። «ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ሰው ገደላችሁ?» የሚል የጨረታ ሰነድ እስከዛሬ ዓይኔ አላየም። ሐቀኛው ባለንብረትም የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። እሱ ጎማና ፍሬን በጊዜው ስለሚቀይር ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያኛው ስለማይቀይር ይረክሳል፤ ጨረታውን ርካሹ ይወስዳል። መዝገቡ ተዘግቶ እስከቆየ ድረስ የሚያተርፈው ያልጠገነው ነው። አንድ ሰባት ተሳቢ ያላቸው ሰውዬ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔን በመዝገብ ይመርምሩኝ፤ እለምናለሁ» አሉኝ። አቶ እገሌ ብዬ ስማቸውን ብጽፍ በማግስቱ ጭነት ይነፈጋሉ፤ ስለዚህ አልጽፍም።

እኔ በበኩሌ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አዋጁን ጠቅሼ፣ የዚያን ድርጅት መኪኖች የምርመራ ውጤትና ያደረሱትን አደጋ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቅጂው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም መታልኝ። ሠላሳው ቀን ባለፈው ዓርብ ሞላ። የመለሰልኝ የለም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደ እንባ ጠባቂ።

እሑድ ዕለት እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራፌ ላይ ቆሙ። ታናሽየው ልጃቸው መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ሌላ ድርጅት ሊቀጥረው ነው። አይሱዙ ነው ተባለ።

«ይሄኛውስ?» አሉኝ።

የደብዳቤውን ቅጂ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ማኅተሙን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ መልሱ ነው?»

«አይደለም እትዬ» አልኳቸው። «ይሄ ጥያቄው ነው።»